አይሜሴጅን በአንድሮይድ ስልኮች ስለመጠቀምና ስልክ ሲቀየር ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

አይሜሴጅ የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ለራሱ ምርቶች ብቻ ያዘጋጀው የመልእክት መለዋወጫ አገልግሎት ነው። በአይፎን፣ በአይፓድና በማክ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ አንድሮይድን በሚጠቀሙ የሳምሰንግ፣ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና ሌሎች ስልኮች ላይ ግን ኩባንያው አላቀረበውም። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ወገኖች አይፎን፣ እዚህ ያሉት ቤተሰቦቻቸው ደግሞ አንድሮይድ የሚይዙበት ሁኔታ የተለመደ በመሆኑ፣ አገልግሎቱን በአንድሮይድ ስልክ ማግኘት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁ ተገልጋዮች አሉ። አፕል የፈቀደው እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ መልስ ብቻ የሚዘጋ አይደለም፤ መንገዱን እናውቃለን የሚሉ መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን አካውንት ለአደጋ ሲያጋልጡ ታይቷል፤ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የተዛወረ ሰውም ሳያውቀው መልእክት ሊቀርበት ይችላል።

ለሁለተኛው ጉዳይ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይቻላል። በዋሽንግተን የምትኖር እህት አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ የገንዘብ መቀበያ ቁጥር በመልእክት ላከች እንበል። ወንድሟ አይፎኑን ሸጦ በዚያው ስልክ ቁጥር አንድሮይድ ስልክ መጠቀም ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት አልፈውታል። መልእክቱ ከእህቱ ስልክ በሰማያዊ ቀለም ወጥቷል፤ ወንድሟ ዘንድ ግን አልደረሰም። አልደረሰም የሚል ማሳሰቢያም ለሁለቱም አልመጣም። እርሷ ልኬያለሁ፣ እርሱ አላየሁም ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አገልግሎቱ የሚሠራበት ሁኔታ

አይሜሴጅ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2011 አይ ኦ ኤስ 5 ከተባለው የአይፎን ሶፍትዌር ጋር ነው። በአይፎን ላይ «ሜሴጅስ» የተባለው መተግበሪያ የተለያየ መንገድ ያላቸውን መልእክቶች በአንድ ገጽ ያስተናግዳል። የተለመደው አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ማለትም ኤስ ኤም ኤስ፣ በቴሌኮም ኦፕሬተሩ በኩል ያልፋል፤ በላኪው ስክሪን ላይም በአረንጓዴ ቀለም ይታያል። አይሜሴጅ ደግሞ በኢንተርኔት አማካይነት በአፕል ሰርቨሮች በኩል የሚሄድ ሲሆን ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ላኪው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አይጠየቅም። ስልኩ ራሱ የተቀባዩ ቁጥር በአፕል መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ካለ በሰማያዊ፣ ከሌለ በአረንጓዴ ይልከዋል።

አንድ ስልክ ቁጥር በዚህ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አይፎኑ አገልግሎቱ ሲከፈት በስውር ወደ አፕል በሚልከው ኤስ ኤም ኤስ ነው። ይህ መልእክት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሊሆንና ኦፕሬተሩ ሊያስከፍልበት ስለሚችል፣ በስልኩ ላይ በቂ ሒሳብ በማይኖርበት ጊዜ ምዝገባው ሳይጠናቀቅ ይቀራል። አዲስ ሲም ካርድ አስገብተው አይሜሴጅ ለምን አልከፈት እንዳላቸው የሚቸገሩ ተጠቃሚዎች አስቀድመው ሒሳባቸውን ቢመለከቱ መልካም ነው።

ከምዝገባው ጋር ምስጠራም አለ። የአይሜሴጅ ይዘት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፤ መልእክቱን የሚፈታው ቁልፍ በተቀባዩ መሣሪያ ውስጥ እንጂ በመካከል ባለው ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። የትኛው መሣሪያ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠውና ላኪው መልእክቱን የሚቆልፍበትን ቁልፍ የሚያድለው ግን የአፕል መዝገብ ነው። አንድሮይድ ስልክ እንዲህ ያለውን መልእክት ለመቆለፍም ሆነ ለመፍታት የሚያስችል አቅም አጥቶ አይደለም፤ መዝገቡን የያዘው ኩባንያ የራሱ ምርት ያልሆነን መሣሪያ ስለማይመዘግብ ነው።

አፕል አገልግሎቱን ለሌሎች ያልከፈተበት ምክንያት በክርክር ሰነዶች ላይ በግልጽ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአፕልና ኤፒክ ጌምስ በተባለው ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር ይፋ የሆኑ የውስጥ ጽሑፎች እንደሚያሳዩት፣ ጉዳዩ በ2013 በኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። ኤዲ ኪው አይሜሴጅ ለአንድሮይድ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ሲያቀርቡ ክሬግ ፌደሪጊ ተቃውመዋል፤ ሥጋታቸውም አይፎን የያዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ ስልክ እንዳይገዙ የሚያግደውን መሰናክል ያነሣል የሚል ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2024 በአፕል ላይ በመሠረተው የፀረ ሞኖፖሊ ክስ ውስጥ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱም ይኸው የመልእክት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በበኩሉ አይሜሴጅን መርምሮ በፌብሩዋሪ 2024 በአዲሱ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ግዴታ ከሚጣልባቸው አገልግሎቶች ውስጥ እንዳይገባ ወስኗል። ስለዚህ አገልግሎቱን በሕግ እንዲከፈት የሚያስገድድ ውሳኔ ከአውሮፓ በኩል በቅርቡ የሚጠበቅ አይደለም።

«በአንድሮይድ እናስጠቅማለን» የሚሉ መተግበሪያዎች

መዝገቡ በአፕል እጅ በመሆኑ፣ አይሜሴጅን በአንድሮይድ ላይ አቀርባለሁ የሚል ማንኛውም አካል መዝገቡን በአንድ መንገድ ማለፍ ይኖርበታል። የተለመደው መንገድ በመካከል የአፕል ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው። ተጠቃሚው የአፕል አካውንቱን ስምና የይለፍ ቃል ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ድርጅቱ በራሱ ማክ ኮምፒውተር ላይ አካውንቱን ይከፍታል፤ መልእክቱ መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል፣ ይፈታል፣ ከዚያም ወደ አንድሮይድ ስልኩ ይተላለፋል። ምስጠራው በዚህ መካከለኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሚፈታ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ በድርጅቱ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በተግባር ታይቷል። ናቲንግ የተባለው መቀመጫውን ለንደን ያደረገ የስልክ አምራች፣ ሰንበርድ ከተባለ ድርጅት ጋር በመሆን «ናቲንግ ቻትስ» የተሰኘ መተግበሪያ አወጣ። መልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ እንደሆኑም አስታወቀ። የደኅንነት ተመራማሪዎች ግን ወዲያውኑ መልእክቶቹና የተላኩት ምስሎች ሳይመሰጠሩ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሊደርስባቸው እንደሚችል አሳዩ። መተግበሪያው በቀረበ በማግሥቱ ከጉግል ፕሌይ ተነሣ። ልብ ሊባል የሚገባው መተግበሪያው በስውር የተሰራጨ ሳይሆን ስሙ የታወቀ ኩባንያ በይፋ መደብር ላይ ያቀረበው መሆኑ ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ በፋይል መልክ የሚታደል፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ተመሳሳይ መተግበሪያማ ከዚህ የበለጠ ሥጋት ያለበት መሆኑ አያጠራጥርም።

ቢፐር ሚኒ የተባለው መተግበሪያ የሄደበት መንገድ ከዚህ የተለየና በቴክኒክ ረገድም የተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2023 ሲቀርብ የአፕል አካውንት አይጠይቅም ነበር፤ የአንድሮይድ ስልኩን ቁጥር በቀጥታ በአፕል መዝገብ ላይ ያስመዘግባል፤ ምስጠራውም በስልኩ ላይ እንጂ በመካከል አይፈታም። ለአገልግሎቱ በወር 1.99 ዶላር ይከፈል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አገልግሎቱ ተቋረጠ። አፕል፣ ሐሰተኛ ማረጋገጫ በመጠቀም ወደ አይሜሴጅ የሚገባበትን ዘዴ ተጠቃሚዎቹን ለመጠበቅ ሲል መዝጋቱን ገለጸ፤ ቢፐር ደግሞ ዘዴው የአይፎን ተጠቃሚዎችንም ጭምር ከማይመሰጠር ኤስ ኤም ኤስ እንደሚያድን ተከራከረ። ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው። ቢፐር በዚያ ወር መፍትሔ ባወጣ ቁጥር አፕል እየዘጋ ቆየ፤ በመጨረሻ ተጠቃሚው አሮጌ አይፎን ፈልጎ እንዲያገናኝ እስከ መጠየቅ ተደረሰና ድርጅቱ ትግሉን አቆመ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለተገልጋዩ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ አለ፦ ያለ አፕል ፈቃድ የሚሠራ መተግበሪያ በቅን ልቦናና በብቃት የተሠራ ቢሆን እንኳ በአንድ ሌሊት ሊቋረጥ ይችላል። ለአስቸኳይ የቤተሰብ ወይም የሥራ ጉዳይ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ መመካት አይመከርም።

የራሱ ማክ ኮምፒውተር ላለው ሰው ሌላ አማራጭ አለ። ኤርሜሴጅ እና ብሉበብልስ የተባሉት ሶፍትዌሮች መካከለኛውን ኮምፒውተር በተጠቃሚው ቤት ያደርጉታል፤ አካውንቱ በራሱ ማክ ላይ ስለሚከፈት የይለፍ ቃሉን ለሌላ ወገን አሳልፎ አይሰጥም። ኮምፒውተሩ ግን ሌት ተቀን መብራትና ኢንተርኔት ሳይቋረጥበት መቆየት አለበት። ከዚህም በላይ አይፎን ሳይኖር በማክ ብቻ የሚመዘገበው የኢሜይል አድራሻ እንጂ ስልክ ቁጥር አይደለም፤ በውጭ ያለው ዘመድ በስልክ ቁጥሩ ሲጽፍ መልእክቱ አሁንም በአረንጓዴ ይመጣል። ሙያው ላላቸው ካልሆነ በቀር ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ሲዛወሩ

ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው የእህትና የወንድም ችግር መነሻው የአፕል መዝገብ ነው። ሲም ካርዱ ወደ አንድሮይድ ስልክ ቢዛወርም ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የሌሎች ሰዎች አይፎኖች መልእክቱን በሰማያዊው መንገድ መላካቸውን ይቀጥላሉ። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ክስ አስነሥቶ ነበር፤ አፕልም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቁጥርን ከመዝገብ የማስወጫ ድረ ገጽ ከፈተ።

የተሻለው ግን ስልኩ ከእጅ ሳይወጣ አስቀድሞ ማጥፋት ነው። ሲም ካርዱ ገና በአይፎኑ ውስጥ እያለና ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ «ሴቲንግስ» ይከፈታል፤ በአይ ኦ ኤስ 18 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ «አፕስ» ከሚለው ሥር «ሜሴጅስ» ይገኛል፤ በቀደሙት ደግሞ «ሜሴጅስ» በቀጥታ በዝርዝሩ ላይ ይታያል። በውስጡ «አይሜሴጅ» የሚለው ማብሪያ ይጠፋል። «ፌስታይም» የሚለውም እንዲሁ ይጠፋል። ሲም ካርዱ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስልኩ ተሽጦ፣ ተሰርቆ ወይም ተበላሽቶ ከሆነ በአፕል ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ «ዲሪጂስተር አይሜሴጅ» በሚል ርእስ የሚገኘው ገጽ ያገለግላል። አገር ከዝርዝሩ ተመርጦ ስልክ ቁጥሩ ሲሞላ ባለ ስድስት አኃዝ የማረጋገጫ ኮድ በኤስ ኤም ኤስ ወደዚያው ቁጥር ይላካል፤ ኮዱ በገጹ ላይ ሲገባ ቁጥሩ ከመዝገብ ይወጣል። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ የአካውንት የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። በዚህ ስም የሚመጣና የይለፍ ቃል ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ ገጽ ካለ ሐሰተኛ ነው። ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ ቁጥር የገዛ፣ ከአይፎን ተጠቃሚዎች ብቻ መልእክት የማይደርሰው ሰውም በዚሁ መንገድ ሊገለገል ይችላል።

ለውጡ በሁሉም ላኪዎች ስልክ ላይ እስኪታወቅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ላኪው ራሱ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፦ ከላከው መልእክት ሥር «ዴሊቨርድ» የሚል ቃል ካልታየ መልእክቱ አልደረሰም ማለት ስለሚሆን፣ መልእክቱን ተጭኖ በመያዝ እንደ ተራ የጽሑፍ መልእክት እንዲላክ መምረጥ ይቻላል። ቀድሞ በአይሜሴጅ የተቋቋመ የቤተሰብ ቡድን ካለም ከአባላቱ አንዱ አዲስ ቡድን መክፈት ይኖርበታል፤ ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ የተዛወረው ሰው በቡድኑ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል።

ከባንክ፣ ከቴሌብርና ከመንግሥት አገልግሎቶች የሚላኩ የማረጋገጫ ኮዶች በተራ ኤስ ኤም ኤስ የሚመጡ በመሆናቸው አይሜሴጅ መጥፋቱ አይነካቸውም።

አይፎኑ የሚሸጥ ከሆነ ከአፕል አካውንቱ መውጣትና ይዘቱን ሙሉ በሙሉ መደምሰስ ያስፈልጋል። ሳይወጡ የሸጡት ስልክ ለገዢው የተቆለፈ ይሆንበታል፤ «አይክላውድ አለበት» እየተባለ በየሱቁ ግማሽ ዋጋ የማያወጣው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሆነ ነው። ሳይደመሰስና ሳይቆለፍ የተሰጠ ስልክ ደግሞ በባለቤቱ ኢሜይል የሚላኩትን መልእክቶች ለአዲሱ ባለ ስልክ ማሳየቱን ይቀጥላል።

በሁለቱም ስልኮች የሚሠሩ አማራጮች

አፕል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2024 በወጣው አይ ኦ ኤስ 18 ላይ አር ሲ ኤስ የተባለውን የመልእክት ሥርዓት ተቀብሏል። አር ሲ ኤስ በቴሌኮም ኦፕሬተሮች በኩል የሚቀርብ የኤስ ኤም ኤስ ተተኪ ሲሆን በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስቀድሞ ይሠራ ነበር። በአይፎንና በአንድሮይድ መካከል ጥራታቸው ያልቀነሰ ምስሎችን ለመላክ፣ መልእክቱ መነበቡንና ሌላው ወገን እየጻፈ መሆኑን ለማየት ያስችላል። ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ በጅማሬውም በሁለቱ ዓይነት ስልኮች መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ አልነበረውም። የዓለም አቀፍ የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር በማርች 2025 ምስጠራውን የሚያካትት ደረጃ ያወጣ ሲሆን አፕልም በቀጣይ የሶፍትዌር ማሻሻያዎቹ እንደሚያክለው አስታውቋል። አገልግሎቱ በአይፎን ላይ የሚሠራው ኦፕሬተሩ የሚደግፈው ከሆነ ብቻ ነው። የአይፎን ባለቤት «ሜሴጅስ» ከሚለው ማስተካከያ ውስጥ «አር ሲ ኤስ» የሚል አማራጭ ካላየ ኦፕሬተሩ አገልግሎቱን አያቀርብም ማለት ነው። ስለዚህ ተግባቦቱ እንዲሠራ የአይፎኑ ባለቤት ኦፕሬተር አገልግሎቱን መደገፍ ይኖርበታል። ካልሆነ መልእክቱ ወደ ኤስ ኤም ኤስ ይመለሳል፤ የውጭ አገር ኤስ ኤም ኤስ ዋጋም በላኪው ላይ ያርፋል።

ፊት ለፊት ለመነጋገር ለሚፈልጉ አፕል ራሱ የከፈተው አንድ በር አለ። ከ2021 ጀምሮ የአይፎን ባለቤት የፌስታይም ሊንክ አዘጋጅቶ በማንኛውም መንገድ መላክ ይችላል፤ ተቀባዩ በአንድሮይድ ስልኩ ላይ በክሮም ከፍቶ፣ አካውንት ሳያስፈልገው፣ በምስል ይነጋገራል። በእናቱ ስልክ ላይ አዲስ መተግበሪያ መጫን ለሚቸግረው ሰው ይህ የተሻለ ነው።

ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ላይ እኩል የሚሠሩት ዋትስአፕ፣ ሲግናል፣ ቫይበርና ቴሌግራም ጥያቄውን ይመልሳሉ። በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት። በዋትስአፕና በሲግናል ላይ የሚጻፍ መልእክት ተጠቃሚው ምንም ሳያደርግ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ቴሌግራም ግን ይህን ጥበቃ የሚሰጠው «ሲክሬት ቻት» ተመርጦ ሲከፈት፣ ያም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ነው፤ መደበኛው ጽሑፍና የቡድን ውይይት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የመታወቂያ ቅጂ፣ የፓስፖርት ገጽ ወይም የገንዘብ መቀበያ ቁጥር የሚላክ ከሆነ ልዩነቱ ትርጉም አለው።

የይለፍ ቃላቸውን አስቀድመው ለሰጡ

የአፕል አካውንት ስምና የይለፍ ቃል ለእንዲህ ያለ መተግበሪያ የሰጠ ሰው መተግበሪያውን ከስልኩ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃውም፤ አካውንቱ በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሊቆይ ይችላልና። በቅድሚያ የይለፍ ቃሉን መቀየር ይገባል። ቀጥሎ በአፕል ድረ ገጽ ላይ በአካውንቱ ሥር የተመዘገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልክቶ የማያውቀውን ማስወገድ ያስፈልጋል። ያው የይለፍ ቃል ለኢሜይል ወይም ለሌላ አገልግሎት ያገለግል ከነበረ እዚያም ይቀየራል። ከዚህ ሥራ በኋላ ባሉት ቀናት በስልክ የሚደውልና የመጣውን ኮድ እንዲነግሩት የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ቢልም ኮዱ ሊነገረው አይገባም። ኮዱ ባለቤቱ ራሱ በከፈተው ገጽ ላይ ብቻ የሚገባ ነው።